ለቆዳዬ ዋስ

በግራ ጉንጬ ላይ የወጣችው ነገር መጀመሪያ ምስር ታህል ነበር። ትንኝ የነከሰችኝ መስሎኝ ዝም አልኳት። እሷ ግን ዝም አላለችኝም፤ ነሐሴ ሳያልቅ ሽልንግ አከለች። ጠርዟ ቀላ ብሎ ከፍ ያለ፣ መሐሏ እንደ ዱቄት የሚረግፍ፣ ፀሐይ ሲነካት ደግሞ የምታሳክክ ነበረች። ስሟን ለማወቅ ሐኪም አላስፈለገኝም። በእኛ አገር እንዲህ ክብ ሠርታ የምትሰፋ የቆዳ በሽታ ጭርት ትባላለች፤ በልጅነቱ ያላወጣት ሰው ጥቂት ነው። የእኔዋ የከፋችው ጊዜ መርጣ ነው፤ ሠርጌ ለጥር ተቆርጦ ሳለ ፊቴ ላይ ወጣች።

ያኔ ሰቆጣ ዳር ከእናቴ ጋር እኖር ነበር። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። ቀን ቀን በአንድ ነጋዴ ሱቅ ጨውና በርበሬ እመዝናለሁ፤ በተረፈኝ ሰዓት፣ እውነቱን ለመናገር ባልተረፈኝም ሰዓት፣ ግጥም እገጥማለሁ። ያስተማረኝ የለም። ፊደሉን ከቄስ ትምህርት ቤት አገኘሁት፤ ግጥሙን ግን ስኳር ተጠቅልሎበት የመጣውን ጋዜጣ እያነበብኩ፣ ለቅሶ ቤት ደግሞ የአልቃሾችን አፍ እየተከተልኩ ለመድኩት። ቁጭ ብሎ መጻፍ አይሆንልኝም። እግሬ ሲሄድ ወይም እጄ ሲሠራ ነው የሚመጣልኝ። በዚያ ክረምት ደግሞ ከሁሉ የሚቀናኝ ላም ሳልብ ነበር። ጥጃው ጡት ይነካና ከእናቱ የፊት እግር አጠገብ ይታሰራል፤ እኔ ቁጢጥ ብዬ ጉንጬን ከላሟ ጎን አስደግፋለሁ፤ ወተቱ ማለቢያውን መምታት ሲጀምር ስንኙም አብሮ ይወርዳል።

ዝናብ በደጅ ይምታ፣ ብርድም ያንገላታ፤
እኔ አለኝ ከበሮ፣ ወተት የሚመታ።

ላሟ የእኛ አልነበረችም። ሰኔ ላይ ከጎረቤት አገር ከደሃና አንድ ገበሬ ልጃቸውን ሊሰጡኝ ቃል ገብተው ነበር። ከዚያ በፊት እንደ ወጉ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሁለታችንን ዘር እስከ ሰባት ቤት ቆጥረዋል። የሚቆጠረው ዝምድና እንዳይኖር ነው ይባላል። ሌላም ነገር ይጣራል፤ እሱ ግን ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው የሚጠየቀው፦ ከአያት ቅድመ አያት መሐል ቁምጥና የነካው ሰው አለ ወይ? የለም ተባለ፤ ነገሩ አለቀ። አማቴ ደስ ስላላቸው ጥገት ላማቸውን ከነጥጃዋ አስነድተው ላኩልን። «እናቱ ላም የላትም፤ ክረምቱን በወተቷ ይውጡበት» አሉ።

ልጅቱን እስከዚያ ድረስ ያየኋት በገበያ፣ በሩቁ ነበር፤ ባየኋት ቁጥር ትስቃለች። ሃያ ዓመት አልፏታል። የመጣውን ጠያቂ ሁሉ ስለመለሰች መንደሩ «ቆማ ቀረች» ይላታል። እኔን እሺ ማለቷን ስሰማ ለሁለት ቀን ሚዛን እያሳሳትኩ ነጋዴውን አከሰርኩት።

ጭርቷ ስትሰፋ ጎረቤት ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዷ ነጭ ሽንኩርት እሸው አለችኝ፤ አሸሁት፤ ጉንጬ ተላጠ። ሌላው የቁልቋል ወተት ቀባኝ፤ እብጠቱ ዓይኔን ከደነው። ከሁሉ የማልረሳው የጎረቤታችን ደብተራ ያደረጉልኝ ነው። ቀለም በጥብጠው ጭርቷን ዙሪያዋን አጥር አጠሩላት፤ ከዚህ አታልፍም ብለው። ጭርቷ ግን ፊደል የቆጠረች አልነበረችም። ቀለሙን ተሻግራ ወደ ጆሮዬ አቀናች፤ እኔም በሱቁ ውስጥ እንደ ተሰመረበት መሬት ፊቴ ላይ ድንበር ይዤ ቀረሁ።

ነጋዴው ሳቁን መያዝ አልቻለም። «አንተ ልጅ» አለኝ፣ «ደንበኛው ሚዛኑን ትቶ አንተን ነው የሚያየው። ለእኔ ደግ ነው፣ ግን ክሊኒክ ሂድ።»

ሳልሄድ ወሬው ቀደመኝ። ከደሃና የመጣ አንድ ገበሬ በአህያው ጨው ሲጭን ፊቴን አይቶ ኖሮ፣ ከጨው ጋር ወሬዬንም ጭኖ ወጣ። ጨው በመንገድ ይረጥባል፤ ወሬ ግን ያብጣል። አማቴ ቤት ሲደርስ ፊቴ በሙሉ ተገሽልጦ፣ ጣቴም ሊረግፍ ደርሶ ነበር።

በሳምንቱ ከአማቴ ዘንድ አንድ ሽማግሌ ተልከው መጡ። ሙግት የማይጠግቡ ሰው ናቸው፤ የራሳቸው ጉዳይ ሲጠፋ የሰው ጉዳይ ይዘው ፍርድ ቤት የሚውሉ። ከበራችን ላይ አቆሙኝና አገጬን በዱላቸው ጫፍ ወደ ብርሃን አዞሩት።

«ጭርት ናት አባቴ» አልኳቸው።

«ዳኛ ሳይፈርድ አንተ ትፈርዳለህ? ተከሳሽ ነህ እኮ!»

«ማን ከሶኝ?»

«ጉንጭህ!»

እኔ ሳቅሁ። እናቴ ግን አልሳቀችም፤ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ከእኔ በፊት ገብቷታል።

ሽማግሌው ዱላቸውን መሬት ተከሉ። «አባትየው ቃላቸውን አላጠፉም። ግን ቃል ያለ ዋስ አይቆምም። ይህ ልጅ ለቆዳው ዋስ ይጥራ» አሉ።

በእኛ አገር በሬ ቢዋስ፣ በቅሎ ቢሸጥ፣ ተጣልቶ ቢታረቅ ዋስ ሳይጠራ የሚያልቅ ነገር የለም። ለቆዳ ዋስ ሲጠራ ግን እኔም እሳቸውም ሰምተን አናውቅም፤ እንዲያውም ቃሉ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ሽማግሌው ራሳቸው ትንሽ ያሰቡ መሰለኝ። ወዲያው ግን ወደዱት።

«ዋሱ እኔ ነኝ» አለች እናቴ። «እኔ ነኝ የወለድኩት።»

«አንቺማ እንዴት ትሆኝ? የተጠረጠረው ዘርሽ አይደለም ወይ?»

እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። ያኔ ነው ቀልዱ ያለቀብኝ። ይህቺ ክብ ነገር ሌላ ስም ከወጣላት የሚቀረው ሠርግ ብቻ አይደለም። እናቴ ውሃ ስትወርድ ሌሎቹ ሴቶች እንስራቸውን አርቀው ያስቀምጣሉ፤ ከዚህ ቤት የሚወለድ ሁሉ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ይጠየቃል።

«ዋስ እጠራለሁ» አልኩ። «የክሊኒኩን ሐኪም።»

ሐኪም የምንለው ቁስል የሚያጥበውን የጤና ረዳት፣ ድሬሰሩን ነው፤ ከደሴ የመጣ፣ ነጭ ካፖርቱን ራሱ አጥቦ የሚተኩስ ወጣት። በተቀጠረው ቀን አማቴ ከደሃና ወርደው ክሊኒኩ ግቢ ተገኙ፤ ረጅም፣ ጢማቸው ደረታቸውን የነካ፣ ለሙግት አማርኛ የሚናገሩ፣ ሲናደዱ ግን ወደ አገው ቋንቋቸው፣ ወደ ኽምጥኛ የሚመለሱ ሰው። ለሰላምታዬ አንገታቸውን ብቻ ነቀነቁ። ሽማግሌው ከጎናቸው ተቀመጡ።

ድሬሰሩ የተፈለገውን ሰምቶ አልሳቀም። «መጀመሪያ ቁምጥና አለመሆኑን እንይ» አለ። «ያ በሽታ ሲይዝ የቆዳውን ስሜት ይገድላል። ዓይኑን በነጠላ እሸፍናለሁ። በጥጥ ስነካው 'አለ' ይበል።»

ሸፈነኝ። ጥጡ በጭርቷ መሐል ሲያርፍ «አለ» አልኩ። በጠርዟ፣ «አለ»። ከጆሮዬ ሥር፣ «አለ»።

«ይሄማ ገጣሚ ነው!» ብለው ሽማግሌው ጮኹ። «የሌለውንም አለ ማለት ሥራው ነው!»

ድሬሰሩ ጥጡን ከጉንጬ አነሣ። እኔም «አለ» አላልኩም። ቆየ፤ ቆየሁ። በመርፌ ጫፍ ሳይታሰብ ሲወጋኝ ከመቀመጫዬ ዘለልኩ። አማቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ሳቅ ይሁን ሳል አልለየሁትም።

ሽማግሌው አልረኩም። «ጥጡ ራሱ መመርመር አለበት። እኔን ንካኝ!» ብለው ነጠላቸውን ራሳቸው ዓይናቸው ላይ ጣሉ። ድሬሰሩ ጎንበስ ብሎ ተረከዛቸውን ነካ። ዝም። ደግሞ ነካ። ዝም። በመርፌውም ጫን ሲል ዝም።

«መቼ ነው የምትጀምረው?» አሉ።

«ጨርሻለሁ እኮ አባቴ።»

ሽማግሌው ነጠላቸውን ገፈው እግራቸውን አዩ። ፊታቸው ተለዋወጠ። «ልጄ… እኔ ነኝ እንዴ?»

«አይደለም። ይህ ተረከዝ ከመጠንከሩ የተነሣ ጫማ ሆኗል። እጅዎን ልንካ።» እጃቸውን ሲነካቸው «አለ! አለ! አለ!» ብለው ከክሊኒኩ ውጭ እስኪሰማ ጮኹ። ከዚያ በኋላ ጥጡን አልተጠራጠሩም።

ድሬሰሩ የጭርቷን ጠርዝ በምላጭ ፋቅ ፋቅ አድርጎ ቅርፊቱን በብርጭቆ ቁራጭ ላይ አራገፈ፤ ጠብታ ጨመረበት፤ ትንሽ ቆይቶ ለወባ ምርመራ በመጣው ማይክሮስኮፕ አየው። ከዚያ ለአማቴ ቦታ ለቀቀላቸው። አማቴ አንድ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ይዘው ጎንበስ አሉ።

«ክር ነው» አሉ ቆይተው። «የተበጣጠሰ ክር።»

«እሱ ነው ጭርት ማለት። ሻጋታ ነው፤ የቆየ እንጀራ ላይ የሚወጣው ዓይነት ነገር። ይህኛው ቆዳ ይበላል። ከዘር አይመጣም፤ ከነኩት ነገር ነው የሚመጣ።»

«ሰውም ይሻግታል?»

«ላዩን።»

አማቴ ቀና ብለው አዩኝ፤ ልጃቸውን ለሻገተ ሰው ይሰጡ እንደሆን የሚያመዛዝኑ ይመስላሉ። በመጨረሻ ወደ ድሬሰሩ ዞሩ። «ዋስ ትሆናለህ?» ድሬሰሩ የአገራችንን ወግ አያውቅም ነበር፤ እሺ አለ። ሽማግሌው ወዲያው ውሉን አሰሩት፦ ጥር ሳይገባ ፊቴ ከጠራ ሠርጉ ይሆናል፤ ካልጠራ ቃሉ ፈረሰ፣ ዋሱም ይጠየቃል።

የተሰጠኝ ቅባት ይፋጅ ነበር፤ ሽታውም ነጋዴውን ከሱቁ በር ላይ አስቀመጠው። ጠዋት ማታ ተቀባሁ። እናቴ ልብሴን በአመድ ውሃ ቀቀለች፤ ጋቢዬን ፀሐይ ላይ ስታሰጣ የምትዋጋው ጠላት ያለ ይመስል ነበር። ኅዳር ላይ ጉንጬ ጠራ። ድሬሰሩ «ጠርቷል ብለህ እንዳታቆም» ብሎኝ ስለነበር አላቆምኩም። ጭርቷ ግን እየተቀባሁ ተመልሳ መጣች፤ በዚያው ጉንጭ፣ ትንሽ ዝቅ ብላ። ብቻዋንም አልመጣችም፤ ቅንድቤ አጠገብ እህቷን አስከትላለች።

ድሬሰሩ አየኝና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ቅባቱስ ይገድላታል። አንድ ነገር ነው ደግሞ የሚያመጣብህ። የማን ጋቢ ትለብሳለህ?»

«የራሴን።»

«ከማን ጋር ትተኛለህ?»

«ከሐሳብ ጋር።»

«ውሻ? ድመት?»

«የለንም።»

ከተማ ያደገ ሰው ነው፤ ከዚያ አልፎ አልጠየቀም። እኔም ገጠሩን የማውቀው ሰው አልመለስኩለትም። ሁለታችንም በጭንቀት ተለያየን። እሱ በዚህ ጊዜ ዋስ መሆን ምን ማለት እንደሆነ ሰዎች አስረድተውት ነበር።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ከሚዛኑ ፊት አንዲት ሴት ቆመች። ቀና ስል እጮኛዬ ናት። አክስቷ ከደጅ ገብሷን ትሸጣለች።

«ጨው መዝንልኝ» አለችኝ። «ጉንጭህንም አዙር።»

«ጨው ልትገዢ ነው የመጣሽው ወይስ ጉንጭ?»

«ለጨውማ አክስቴ ትበቃ ነበር።» አየችኝ፤ አልተጸየፈችም፤ ጠመዝማዛ መንገድ እንደሚያይ ሰው ዓይኗን በጭርቷ ዙሪያ አዞረች። «ስታልብ በየትኛው ጉንጭህ ነው የምትደገፍ?»

ሚዛኑ በእጄ ላይ ተወዛወዘ። እጅጌዋን ሰብሰብ አደረገች፤ ክንዷ ላይ ፈዘዝ ያለ ክብ ምልክት ነበር። «ይህን የሰጠኝ የዚያች ላም የአምናው ጥጃ ነው። የዘንድሮው ዓይኑ ዙሪያ ምን ይመስላል?»

ምን እንደሚመስል ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። በጥጃው ዓይኖች ዙሪያ ግራጫ ቅርፊት ክብ ሠርቶ ነበር፤ አይቼ ገጥሜበታለሁ፤ ለጎረቤቱ ሁሉ አስቄበታለሁ፦

ጥጃችን ተምሮ፣ መነጽር አረገ፤
ሣሩን ናቀውና፣ ወንበርን ፈለገ።

ስነግራት አክስቷ እስክትዞር ድረስ ሳቀች። እስከ ሰባት ቤት ዘሬን ቆጥረው ነበር፤ የላሟን ግን የቆጠረ የለም።

«ታዲያ ለአባትሽ ንገሪያቸዋ!»

«አባቴ ላማቸው ከምትታማ እኔ ብታማ ይሻላቸዋል። ደግሞ…» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጢማቸውን ሲያኩ አላየሃቸውም? ከሰኔ ጀምሮ ነው። ውስጡ ቆስሏል፤ እኔ ብቻ ነኝ የማውቅ። በሰው ፊት ቢነካባቸው ተነሥተው ይሄዳሉ፤ ነገሩም ያኔ አለቀ።» ጨዉን አንሥታ ልትሄድ ስትል ተመለሰች። «አንተ! በላሟ ግጠም፣ በጥጃው ግጠም። በአባቴ ግን አንዲት ስንኝ እንዳትወጣህ!»

አማቴና ሽማግሌው ፊቴን ሊያዩ በተቀጠሩበት ቀን ጥጃውን በገመድ ይዤ በሰቆጣ መሐል አለፍኩ። ክሊኒኩ ግቢ ስገባ ሽማግሌው ከተቀመጡበት ተነሡ።

«ለዋሱ ጉቦ ነው?»

«ምስክር ነው አባቴ።»

ነገሩን ለድሬሰሩ አስቀድሜ ነግሬው ስለነበር ምላጩን ይዞ ጠበቀኝ። ሽማግሌው የጥጃውን ጆሮ፣ እኔ አንገቱን ያዝን፤ ከዓይኑ አጠገብ ቅርፊት ተነሣ። ከጉንጬም ተነሣ። ሁለቱ ብርጭቆዎች ተራ በተራ ከማይክሮስኮፑ ሥር ገቡ። አማቴ ጎንበስ ብለው የመጀመሪያውን አዩ፤ ሁለተኛውን አዩ፤ ደግመው የመጀመሪያውን አስመጡ።

«ያው ክር ነው» አሉ።

ላሟ የማን እንደሆነች ሁሉም ያውቃል። ምላሴ ላይ አንድ ስንኝ ደርሶ ነበር፤ እውነት ለመናገር በሕይወቴ ከገጠምኳቸው ሁሉ የተሻለው ሳይሆን አይቀርም። ዋጥኩት። እስከ ዛሬ ለማንም አልነገርኩትም፤ እዚህም አልጽፈውም።

ሽማግሌው ግን አልቻሉም። «እንግዲህ ክሱ ዞረ ማለት ነው! ሙሽራው ከሳሽ፣ ላሚቱ…»

አማቴ እጃቸውን አነሡ። በኽምጥኛ ለራሳቸው አንድ ነገር አጉረመረሙ፤ ቀጥሎ በአማርኛ፣ «ላሚቱ የእኔ ናት። ዋሷም እኔ ነኝ» አሉ። ከዚያ ሽማግሌውን ውጭ እንዲጠብቁ ለመኗቸው። እኔም ልወጣ ጥጃውን ሳብ ሳደርግ፣ «አንተ ቆይ» አሉኝ።

በሩ ሲዘጋ ጢማቸውን በሁለት እጃቸው ወደ ላይ ሰበሰቡት። አገጫቸው ሥር ቆዳው ቀልቶ ጎርበጥ ጎርበጥ ብሏል፤ እዚህም እዚያም ጠጉሩ ረግፏል።

«ይህስ?» አሉት ድሬሰሩን፣ ዓይናቸውን ከግድግዳው ላይ ሳያነሡ።

«ያው ነው ጌታዬ። ሥሩ ውስጥ ስለገባ ቅባት ብቻውን አይበቃውም። ኪኒን ከደሴ አስመጣለሁ። ጢሙ ግን መነሣት አለበት።»

አማቴ ጢማቸውን ለቀው በመዳፋቸው ዳበሱት። ያን ጢም ለማሳደግ የፈጀባቸውን ዓመት እኔ ስላልኖርኩበት መገመት አልችልም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«እጅህ ይንቀጠቀጣል?»

«እኔ? እርስዎን?»

«ከውጭ ሰው ላመጣ ነው? ያው ክር አይደል የያዘን። ከእኔ የምትፈራው፣ ከአንተ የምፈራው ምን ቀረ?»

ድሬሰሩ መቀስ ሰጠኝ። አገጫቸውን በግራ እጄ ይዤ፣ ጥጃው የድሬሰሩን ካፖርት ጫፍ እየላሰ፣ ጢማቸውን እስከ ቆዳው ድረስ አነሣሁት። በመሐል አንዴ ብቻ ተናገሩ። «ልጄ ናት የነገረችህ?» አሉኝ። መቀሱን አላቆምኩም። «እሷ ናት» አሉ፤ መልሰውም አገጫቸውን ቀና አደረጉልኝ። ሲወጡ ሽማግሌው ከደጅ ቆመው፣ «ጌታው፣ ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ፤ ጨረሱ?» ብለው ራሳቸውን አማቴን ጠየቋቸው።

ከዚያ በኋላ ሁሉም በወጉ ሆነ። ላሟና ጥጃዋ አዮዲን ተቀቡ፤ እናቴ በረቱን ጠርጋ አመድ ነሰነሰችበት፤ እኔ እጄን ዘርግቼ፣ ጉንጬን አርቄ፣ ስንኝም ሳይወጣልኝ ማለብ ተማርኩ። አማቴ ኪኒናቸውን ሊወስዱ በገበያ ቀን ሲወርዱ ከእኔ ጋር ክሊኒኩ አግዳሚ ላይ ተራ እንጠብቃለን፤ ስለ ገብስና ስለ ዝናብ እናወራለን። ጥር ሊገባ ሲል ድሬሰሩ ለመጨረሻ ጊዜ ጉንጬን ፋቀ። እሱ ብቻ ቢያይ ይበቃ ነበር፤ አማቴ ግን ገፋ አድርገውት ጎንበስ አሉ። ብርጭቆውን ወዲያ አስገፉት፤ ወዲህ አስመለሱት።

«ምንም የለም» አሉ።

«አዎ፤ ምንም አለመኖሩ ነው ጤናው» አለ ድሬሰሩ።

«ደኅና አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

አማቴ አሁንም አላመኑም፤ ደግመው ተመለከቱ። ከዚያ ዓይናቸውን ከማይክሮስኮፑ ሳያነሡ፣ «እንግዲያው ልጄን ውሰድ» አሉኝ።